«ደብዛዛ ነው» ከማለታችን በፊት

«ሌንሱ ደብዛዛ ነው» የሚለው ቃል አንዴ ከአፍ ከወጣ ይግባኝ የለውም። ዕቃው ወደ ሳጥኑ ይመለሳል፤ ባለቤቱ ገዢ ያፈላልግለታል፤ ገዢውም በተራው ያንኑ ስም ወርሶ ይቀጥላል። እኔ ግን ይህ ፍርድ በአብዛኛው ተከሳሹ ሳይጠየቅ፣ ምስክር ሳይሰማ የሚሰጥ ፍርድ ነው ባይ ነኝ። በዚህ ችሎት ፊት ከሁሉም ይልቅ የሚመላለሰው ደግሞ ቴሌፎቶ ዙም ነው፤ ያ ከ70 እስከ 300 ሚሊሜትር የሚዘረጋው፣ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየው፣ ሲመዘዝ ከካሜራው የሚረዝመው ሌንስ።

የግጥምና የልቦለድ ወዳጆች በሚሰበሰቡበት ገጽ ላይ የሌንስን ወሬ ምን አመጣው የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ያልጠራን ነገር «ማን አደበዘዘው?» ብሎ መጠየቅ የእኛም የዘወትር ሥራ ነው። አንድ ስንኝ አልገባ ሲለን ጥፋቱ የባለቅኔው ነው? የአንባቢው ነው? ወይስ የፊደል ለቃሚው? ይህን ሳይጠይቅ «ግጥሙ ደካማ ነው» ብሎ የሚያልፍ ሐያሲ ምን ያህል እንደሚያናድደን እናውቃለን። በሌንስ ላይ ሲሆን ግን ሁላችንም እንደዚያ ሐያሲ እንሆናለን።

ጉዳዩ የቅንጦት ብቻ አይደለም። እዚህ አገር ብዙው ሰው እንዲህ ያለውን ሌንስ የሚያገኘው ወይ በዘመድ ሻንጣ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ አስመጥቶ፣ ወይ ከሌላ ሰው እጅ ገዝቶ ነው። ዋጋው የወራት ደመወዝ ነው፤ «አልተመቸኝም» ብሎ መመለስ ደግሞ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ የተሳሳተ ፍርድ በሁለት በኩል ያስከፍላል። ጤነኛውን ሌንስ በድብዛዜ ስም አርክሶ የሸጠ ይከስራል፤ የታመመውን ሌንስ «ችግሩ የእኔ እጅ ነው እንጂ እሱስ ደኅና ነው» እያለ ለዓመታት የተሸከመም ይከስራል።

እስቲ በመጀመሪያ 300 ሚሊሜትር ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንይ። ሙሉ ፍሬም በሚባለው፣ 36 በ24 ሚሊሜትር በሆነው ሴንሰር ላይ ይህ ሌንስ ወደ ጎን የሚያየው 7 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ዓለምን በቁልፍ ቀዳዳ እንደ ማየት ያለ ነው። እንዲህ ያለው ጠባብ እይታ ደግሞ ትንሹን ንቅናቄ ያገዝፋል። የሴንሰሩ አንዷ ፒክስል 4 ማይክሮን ናት ብንል፣ 100 ሜትር ርቆ በቆመ ነገር ላይ ያቺ ፒክስል የምትሸፍነው 1.3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሹተሩ ክፍት በሆነባት ቅጽበት የሌንሱ አፍ በዚያ ርቀት ላይ 1.3 ሚሊሜትር በምትሆን ቅንጣት ብቻ ቢዛነፍ ምስሉ ከአንዷ ፒክስል ወደ ሌላዋ ተንሸራቷል ማለት ነው። ልቡ እየመታ፣ እየተነፈሰ፣ ክንዱን አንስቶ የቆመ ሰው ከዚህ በላይ እንደሚወዛወዝ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያሻም።

የፊልም ዘመን ፎቶ አንሺዎች ለዚህ አንድ ደንብ ነበራቸው፤ የሹተሩ ፍጥነት ከሌንሱ ርዝመት አይነስ። በ300 ሚሊሜትር ሲነሳ ቢያንስ 1/300 ሴኮንድ ይሁን ማለት ነው። ሴንሰሩ አነስ ያለው፣ በ1.5 የሚባዛው ዓይነት ከሆነ ደንቡ ወደ 1/450 ከፍ ይላል፤ በካሜራው ላይ ያለው ቀራቢ ቁጥር 1/500 ነው። በዛሬዎቹ ባለ ብዙ ፒክስል ካሜራዎች ደግሞ ይህ መነሻ እንጂ ዋስትና አይደለም። በሌንሱ ውስጥ ያለው ማረጋጊያ የእጅን መንቀጥቀጥ ይቀንሳል፤ የወፉን ክንፍ ግን አያቆምም። ማረጋጊያውን አምኖ በ1/60 ሴኮንድ የሚበርር ወፍ ያነሳ ሰው፣ በኋላ የሚያየው ጭጋግ ከመስታወቱ የመጣ አይደለም።

ሁለተኛው ጣጣ የጥልቀት ማነስ ነው። በ300 ሚሊሜትርና በኤፍ 5.6፣ 5 ሜትር ላይ ያለ ነገር ሲነሳ ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት በተለመደው ስሌት 9 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ 3 ሜትር ላይ ሲሆን ወደ 3 ሴንቲሜትር ይወርዳል። ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ አስጋሪዎቹ ዘንድ ሄዶ አባ ኮዳን በቅርብ ፊት ለፊት ያነሳ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ፎከሱ በዚያ ረጅም ምንቃር ጫፍ ላይ ካረፈ ዓይኑ ይደበዝዛል፤ ዓይኑ ላይ ካረፈ ምንቃሩ ይጠፋል። ይህ የሌንሱ ድክመት ሳይሆን የብርሃን ሕግ ነው። (በነገራችን ላይ ወፉን ፈጣሪ ለሌንስ ፈታኞች ያዘጋጀው ይመስለኛል። እንደ ዘብ ቆሞ መዋል ይችልበታል፤ በመላጣው ራሱ ላይ የበቀሉት ስስ ፀጉሮችም ከየትኛውም የመፈተኛ ሰሌዳ ይበልጣሉ።)

እንግዲህ ተጠርጣሪዎቹ ብዙ ናቸው። ደግነቱ ድብዛዜ ሁሉ አንድ ዓይነት መልክ የለውም፤ የሚያነበው ካገኘ የመጣበትን ይናገራል። የእጅ መንቀጥቀጥ ነጥብን ወደ መስመር ይስባል፤ የውሃ ጠብታ ላይ የምታበራው ብልጭታ እንደ ጭረት ትረዝማለች፤ ከፊት ያለው ሣርም ከኋላ ያለው ግንድም ወደ አንድ አቅጣጫ ተጎትተው ይታያሉ። የተነሺው ንቅናቄ ሲሆን ግን ድንጋዩ ጥርት ብሎ ወፉ ብቻ ይቀልጣል። የፎከስ ስህተት ደግሞ ራሱን ያጋልጣል፤ ወፉ ደብዝዞ ከፊቱ ያለው ሸምበቆ ቅጠል በቅጠል ይቆጠራል። ማሽኑ በቅርብ ያገኘውን፣ ጥቁርና ነጩ የጎላውን ነገር ስለሚመርጥ ነው፤ ወርቁን ትቶ ሰሙን እንደሚይዝ አንባቢ ማለት ነው።

እውነተኛው የሌንስ ድክመት ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። በምስሉ ውስጥ አንድም የጠራ ስፍራ አይገኝም፤ አሥር ጊዜ ቢነሳ አሥሩም ያው ነው፤ የጥቁሩ ጠርዝ ላይ በጉም ውስጥ እንዳለ መብራት ስስ ብርሃን ይፈስሳል። አፐርቸር የምንለው የብርሃን ቀዳዳ ከኤፍ 5.6 ወደ ኤፍ 8 ሲጠብ ብዙውን ጊዜ ይሻለዋል። እዚህ ላይ ግን አንድ ማታለያ አለ። ቀዳዳው ሲጠብ ጥልቀቱም ስለሚሰፋ፣ ያው ኤፍ 8 የፎከስን ስህተትም ይሸፍናል። «ኤፍ 8 ላይ ጠርቷልና ድክመቱ የሌንሱ ነው» የሚለው መደምደሚያ ስለዚህ ብቻውን አይቆምም። ቀዳዳውን እስከ ኤፍ 22 ማጥበብ ደግሞ ነገሩን መልሶ ያበላሸዋል፤ ብርሃን በጣም በጠበበ በር ሲያልፍ ራሱ ይበተናል።

ታዲያ እንዴት ይፈተን? የውጭዎቹ መስመር በመስመር የሆነ ሰሌዳ ያትማሉ። ለእኛ ግን ከፊደላችን የተሻለ መፈተኛ ያለ አይመስለኝም። የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ገጾች ደልዳላ ግድግዳ ላይ፣ መሐሉና አራቱም ማዕዘን ላይ ይለጠፉ። ካሜራው በባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ይቁም፤ ርቀቱ ከሌንሱ ርዝመት 50 እጥፍ፣ ለ300 ሚሊሜትር 15 ሜትር ይሁን። በዚህ ርቀት በትንሹ ሴንሰር የሚታየው ግድግዳ 1 ሜትር ከ20 ገደማ ስፋት አለው፤ የጋዜጣው ተራ ፊደል ደግሞ ልክ በመነበብና ባለመነበብ ድንበር ላይ ትወድቃለች። የላቲን ፊደል ደብዘዝ ቢል አንባቢ በግምት ይሞላዋል። በእኛ ግን ‹ሉ›ን ከ‹ሊ› የሚለያት የአንዲት ጭረት ቦታ ነው፤ ‹ሊ›ን ከ‹ሌ› የሚለያት ያቺ ጭረት ቀለበት መሆኗ ነው። ጥራት ሲጎድል መጀመሪያ የ‹ሌ› ቀለበት ይደፈንና ‹ሊ› ትመስላለች፤ ቀጥሎ ከ‹ሸ› አናት ላይ ያለው ጭረት ሟሙቶ ‹ሰ› ትሆናለች። ከመሐል ተነስቶ ወደ ማዕዘኑ እያነበቡ መሄድ ነው። በቀኝ ጥግ «ሌሊት» የተባለው በግራው ጥግ የማይነበብ ከሆነ፣ ግድግዳውም ለካሜራው ቀጥ ያለ ከሆነ፣ ከውስጥ ካሉት መስታወቶች አንዱ ከመስመሩ ወጥቷል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ሁለቱም ጥግ እኩል ከደከመ ግን ተፈጥሮው ነው፤ የዙም ሌንስ ጥግ ከመሐሉ ማነሱ የተለመደ ነው።

የፈተናው ሥርዓት ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ማረጋጊያው ይጥፋ፤ በብዙዎቹ ሌንሶች በመቆሚያ ላይ ሲሆን ራሱ ንቅናቄ ሊፈጥር ይችላልና። ቁልፉን በጣት ከመጫን ይልቅ ካሜራው ቆጥሮ ራሱ እንዲያነሳ ይደረግ። በመጀመሪያ ምስሉን በካሜራው ስክሪን ላይ አጉልቶ በእጅ ፎከስ ማድረግ፤ ሌንሱ የሚችለው የመጨረሻው ጥራት ይኸው ነው። ከዚያ በአውቶፎከስ አሥር ጊዜ፣ በየመሐሉ ፎከሱን ሆን ብሎ እያበላሹ ማንሳት። የእጁ ጠርቶ የአውቶፎከሱ ከደበዘዘ መስታወቱ ጤነኛ ነው፤ ሕመሙ ካሜራውና ሌንሱ ርቀትን በሚነጋገሩበት መንገድ ላይ ነው። የእጁም ከደበዘዘ ያኔ ሌንሱን መክሰስ ይቻላል።

አሥር ጊዜ ማንሳቱ የማያስፈልግ ድካም የሚመስለው ይኖራል። በባንክ መስኮት ስሠራ አንድ ፊርማ ከናሙናው ጋር አልገጥም ሲል «ሐሰተኛ ነው» ብለን አንጮህም፤ ደንበኛው ደግሞ እንዲፈርም እንለምነዋለን። ሦስቱም ፊርማ እርስ በርሱ ተመሳስሎ ከናሙናው ከተለየ አንድ ነገር ይነግረናል፤ ሦስቱም እርስ በርሳቸው ከተለያዩ ሌላ ነገር ይነግረናል፤ ምናልባት የሽማግሌ እጅ ነው። አውቶፎከስም እንደዚሁ ነው። አሥሩም ምስል ፎከሱን ሁልጊዜ ወደ ፊት ወይም ሁልጊዜ ወደ ኋላ የሚጥል ከሆነ ስህተቱ ወጥ ነው፤ ይስተካከላል። አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ የሚበተን ከሆነ ግን ምንም ማስተካከያ አይመልሰውም። አቅጣጫውን ለማወቅ አንድ መጽሐፍ ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ ከጎኑ ጋዜጣ አጋድሞ መዘርጋት፣ ፎከሱን በመጽሐፉ ልባስ ላይ ማሳረፍ ይበቃል፤ ከጋዜጣው መስመሮች የትኛው እንደጠራ ዓይን ይፈርዳል።

በዚህ ነጥብ ላይ የካሜራው ዓይነት ለውጥ ያመጣል። መስታወት ባለው ካሜራ ውስጥ ርቀቱን የሚለካው ከሴንሰሩ ተለይቶ ከታች የተቀመጠ ሌላ መሣሪያ ነው። የሁለቱ መንገድ በጥቂቱ ቢለያይ፣ ሌንሱም ካሜራውም በየግላቸው ጤነኛ ሆነው አብረው ሲሠሩ ይሳሳታሉ፤ ደጋግ ባልና ሚስት ተጋብተው የማይስማሙበት ጊዜ እንዳለ ሁሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጡት እንደ ካኖን 1ዲ ማርክ 3 እና ኒኮን ዲ300 ያሉት ካሜራዎች ባለቤቱ ራሱ ይህን ልዩነት በቁጥር የሚያቀናበት መንገድ ይዘው መጡ። ለዙም ግን አንድ ቁጥር ሁልጊዜ አይበቃም፤ በ300 ሚሊሜትር የተቃናው በ70 ሊዛነፍ ይችላል። ሚረርለስ የሚባሉት ርቀቱን በዚያው በሴንሰሩ ላይ ስለሚለኩ ይህ ጠብ በእነሱ ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ የለም። በሚረርለስ ካሜራ ላይ የፊትና የኋላ ፎከስ መዛነፍን ሲያሳድድ የሚውል ሰው ላም ባልዋለበት ኩበት ይለቅማል።

አየርም ተጠርጣሪ ነው፤ ማንም ግን አይጠራውም። እኩለ ቀን ላይ በአዋሽ ሜዳ 200 ሜትር ርቆ የቆመን ሳላ ያነሳ ሰው፣ ከመሬቱ የሚነሳው ሙቀት አየሩን እንደ ውሃ ሲያርገበግበው በዓይኑም ያየዋል። ከእንጦጦ ላይ ሆኖ ከተማዋን ለሚያነሳም ያው ነው፤ በፀሐይ የጋለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሁሉ ምድጃ ነው። የአየር ድብዛዜ ምልክቱ ከምስል ምስል መለዋወጡ ነው፤ በአንዱ የሕንፃው ግራ ጠርዝ ይታጠፋል፤ በሌላው ቀኙ። በውድ ሌንስም ያው ነው፤ እንዲያውም ሌንሱ በረዘመ ቁጥር መርገብገቡ አብሮ ይጎላል። መድኃኒቱ በማለዳ መነሳት ወይም መቅረብ ብቻ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ የሌንሱ ጥፋት ነው ብሎ ሊሸጠው ሲል፣ ፊት ለፊት ያሰረበትን ርካሽ ፊልተር ፈትቶ እንዲያነሳ ለመንኩት። «አንተ ግጥምህን ጻፍ» ብሎኝ ነበር፤ ፈትቶ አነሳ፤ ሌንሱም አልተሸጠም። ርዝመቱ 300 በሆነ ሌንስ ፊት የሚቀመጥ ያልተስተካከለ መስታወት በአጭሩ ሌንስ ላይ የማይታየውን ጉዳቱን እዚህ ያሳያል።

ይህን ሁሉ ስል ግን ሌንስ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። ካኖን እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው ማረጋጊያ ያለው 70-300 ሌንስ ጥሩ ምሳሌ ነው። አግድም ሲይዙት ደኅና የሆነው ሌንስ፣ ካሜራውን አቁመው በረጅሙ ጫፍ ሲያነሱበት የምስሉ ላይ ወይም ታች ይደበዝዝ ነበር። ብዙዎች «እጅህ ነው» ተብለዋል። በ2006 ግን ኩባንያው ራሱ ችግሩን አምኖ በነፃ እንደሚጠግን አስታወቀ። ነገሩን ያወጡት በስሜት ያማረሩ ሰዎች ሳይሆኑ፣ ያንኑ ሌንስ በዚያው ቦታ አንዴ አግድም አንዴ ቁመት አንስተው ልዩነቱን ያሳዩ ናቸው። ፈተና ለከሳሽም ለተከሳሽም የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ እኔም እስከ ዛሬ አንድን ዙም ሳይ ካሜራውን ሳላቆም አላልፍም።

ምስሉ የሚታይበት መንገድም ያጣላል። 24 ሜጋፒክስል የሆነ ምስል ወርዱ 6000 ፒክስል ነው። ይህን በተለመደው ባለ 96 ነጥብ በኢንች ስክሪን ላይ በመቶ በመቶ መክፈት 1 ሜትር ከ59 ሴንቲሜትር የሚሰፋ ሕትመት አንጥልጥሎ በክንድ ርቀት ሆኖ እንደ መመልከት ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ ያልደበዘዘ ነገር ማግኘት ያስቸግራል። ለፖስታ ካርድ የሚሆን ፎቶ በዚህ ሚዛን ተመዝኖ ሲወድቅ ስመለከት፣ ሙሉ መጽሐፍ አንብቦ ስለ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብቻ የሚጽፍ ሐያሲ ትዝ ይለኛል።

ከዚህ በተቃራኒ የቆሙም አሉ። «ፎቶ ስሜት ነው፤ ጥራት የነጋዴ ወሬ ነው» ይላሉ። አባባሉ ለጆሮ ይጥማል፤ እኔ ግን አልቀበለውም። በስሜን ተራራ ጠርዝ ላይ ነፋስ ጎፈሩን እያመሰው የተቀመጠውን ጭላዳ ሳይ የማደንቀው፣ ፀጉሩ ፈትል በፈትል ሲለይና ዓይኑ ውስጥ ሰማዩ ሲታይ ነው። አንሺው ሆን ብሎ ካደበዘዘው ድብዛዜውም የራሱ ቃል ነው፤ ሳያውቅ የደበዘዘውን ግን በኋላ ስሜት ነው ብሎ ማጥመቅ፣ ቤት ያልመታን ስንኝ «ነፃ ግጥም ነው» ብሎ እንደ ማለፍ ያለ ነው። ነፃ ግጥም የሚጽፉ ወዳጆቼ ይህን ሲያነቡ እንዳይቀየሙኝ፤ የእነሱ ሌላ ነው።

ከሰው እጅ የሚገዛ ሰው መቆሚያና ግድግዳ የማግኘት ዕድል የለውም፤ ያለው የሻጩ ጠረጴዛና የአምስት ደቂቃ ትዕግሥት ነው። እሱም ቢሆን ያገለግላል። መጀመሪያ ሌንሱን ወደ ብርሃን አንስቶ በውስጡ ማየት፤ ሁለት ሦስት የአቧራ ቅንጣት አያሳስብም፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ ወይም እንደ ትንፋሽ ያለ ጉም ግን ያሳስባል። ቀለበቱን ከ70 እስከ 300 ማዞር፤ የሚነጥር ወይም የሚንቀጫቀጭ ነገር ካለ ማዳመጥ። ከዚያ ፊልተሩን ፈትቶ፣ ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ፣ ቆጥሮ እንዲያነሳ አድርጎ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ታፔላ በ300 ሚሊሜትር፣ ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ማንሳት፤ አንዴ መሐል ላይ፣ አንዴ በየጥጉ፣ አንዴ ካሜራውን አቁሞ። ሻጩ «ወንድም፣ ትገዛለህ ወይስ ታነባለህ?» ማለቱ አይቀርም። ከታች በትናንሽ ቁጥሮች የተጻፈውን የታፔላውን ስልክ አንብቦ እስኪጨርስ ቢታገሰው መልካም ነው።